የጎተራው አራሚ

ሃሊማ ሙሀመድሰይድ አራሚን የሠራችው ተናዳ ነው። ይህ አስቀድሞ ይታወቅላት፤ ኋላ የሆነው ሁሉ ሆኖ፣ መነሻዋ ግን ክፋት አልነበረም።

ወልቂጤ ውስጥ አስረስ የሚባል የኮምፒውተር መምህር አለ። ከሰሜን የመጣ፣ በልጅነቱ ግእዝ የተማረ፣ ፊደል ሲጣመም ካየ ምሳው የማይበላለት ሰው ነው። ይህ ሰው በአማርኛ ብቻ የሚጻፍ የኮምፒውተር ቋንቋ ፈለሰፈና «እርፍ» አለው። ገበሬ እርፉን ጨብጦ በሬውን እንደሚነዳ፣ የኛ ሰውም በሚያውቀው ቃል «ይህ ከሆነ»፣ «ይህን ድገም»፣ «ውጤቱን መልስ» እያለ ኮምፒውተሩን ይንዳው ብሎ ነው። ሐሳቡ ያምራል፣ ማንም አይክደውም። በአምስት ዓመት ውስጥ ከወልቂጤም ከቡታጅራም ከአዲስ አበባም አራት መቶ ያህል ሰው ቴሌግራም ላይ ተሰባስቦ ማኅበር ሆነ። የጻፉትን ሁሉ የሚያከማቹበትን የጋራ ቦታም «ጎተራ» አሉት።

ጎተራ ካለ ነቀዝ አይጠፋም። አባላቱ ኮድ መጻፉን ትተው በአጻጻፍ መጣላት ያዙ። አንዱ መስመሩን አራት ቦታ ገባ አድርጎ ይጀምራል፣ ሌላው ሁለት። አንዱ አራት ነጥቡን ከቃሉ ያጣብቃል፣ ሌላው ያርቀዋል። የባሰው ግን ፊደሉ ነበር። አንድ ድምፅ ሁለትና ሦስት ፊደል በያዘበት ቋንቋ፣ አንዱ «ሀሳብ» ብሎ የሰየመውን ሌላው «ሐሳብ» ብሎ ሲጠራው፣ ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም» ብሎ ይቆማል።

ታዲያ መምህር አስረስ ያጠፋውን ሰው ኮድ ፎቶ ያነሣል፣ ስሕተቱን በቀይ ይከብበዋል፣ ከነስሙ ቡድኑ ላይ ይለጥፈዋል። ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ይጽፋል፦ «ይታረም።» የቀረውን አራት መቶው ሰው ይጨርሰዋል። ሰው በሰው ሲስቅ እንዴት እንደሚተባበር ለማየት እዚያ ቡድን ውስጥ አንድ ቀን ማደር ይበቃል።

ሃሊማ ቡድኑን በተቀላቀለች በሦስተኛው ቀን ተለጠፈች። «ሥራ»ን በእሳቱ ሰ ጽፋ ነው። አንዱ ከሥሩ፣ «ይቺ ልጅ ፊደል የቆጠረችው በርበሬ ተራ ነው እንዴ?» አለ። ሰማንያ ሰው ሳቀ። ሰውየው እንዲያው የወረወረው ድንጋይ ነው፤ አያውቃትም። ድንጋዩ ግን ሄዶ ሄዶ የሚያምበት ቦታ ላይ አረፈ።

የሃሊማ አባት በርበሬ ነጋዴ ነበር። ከቆሼ እየጫነ ቡታጅራ ያራግፋል። በጎልማሳነቱ የመሠረተ ትምህርት ገብቶ ነበር፤ ንግዱ አላስቀምጠው ብሎ ገበታውን ሳይጨርስ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሳይደናቀፍ የሚጽፋቸው የራሱን ስምና የልጁን ስም ብቻ ነበር። ጆንያዎቹ ከሌላ ሰው ጆንያ እንዳይቀላቀሉበትም፣ በጥቁር ቀለም «ሃሊማ» እያለ ይጽፍባቸዋል። ሚስቱ ነዒማ አንድም ፊደል አታውቅም፤ ግን ገበያ መሀል ከተከመረ መቶ ጆንያ የባሏን ለይታ ታወጣ ነበር። «እንዴት አወቅሽ?» ሲሏት፣ «አንድ እግሯን ያጠፈችዋን አይቼ ነዋ» ትላለች፤ ሃን ማለቷ ነው። እሱ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንዱ ጆንያ አሁንም ጓዳ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

እንግዲህ ሃሊማ ያን ቀን ስልኳን ዘግታ፣ «ይህን እርማት የሚያደርግ ማሽን እሠራለሁ» አለች። ማንኛውም ሰው እንደመጣለት ጽፎ ሲጨርስ መስመሩን የሚያስተካክል፣ ነጥቡን በቦታው የሚያኖር፣ ፊደሉን የሚያቃና። ስሕተት ማንም ሳያይ በዝምታ ከተቃና፣ ማን በማን ይስቃል? ስሙን አራሚ አለችው። ማረም መቼም ሁለት ነው፤ ጽሑፍም ይታረማል፣ እርሻም ይታረማል። ሦስተኛም አለ፣ ወኅኒ ቤት ያለውንም ታራሚ እንለዋለን፤ ያኔ ግን ይህ ትዝ አላላትም።

ስምንት ወር ሠራች። ብቻዋን አልነበረችም። ራምዚ የሚባል የሰፈሯ ልጅ የራሱን ኮድ እያመጣ «በይ ሞክሪበት» ይላት ነበር። ራምዚ ለቡታጅራ መናኸሪያ በእርፍ የጻፈው «ተራ» የሚባል ፕሮግራም አለው። ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ያሳያል፣ ስሙ ይገባል፣ ፕሮግራሙ ለወልቂጤም ለቆሼም ለሆሳዕናም ተራውን ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት ተራ የሚያዘው በጩኸትና በጡንቻ ነበር። ራምዚ ቤቱ የሚናገረው ስልጢኛ ነው፤ አማርኛው ሲናገር ይሰበራል፣ ኮዱ ግን አይሰበርም።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ሃሊማ፣ ስም እንዳትነኪ» አላት።

«ለምን?»

«ስም ያ ሰው እንደጻፈው ነው። ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱ ላይ በሀሌታው ሀ ‹ሀሰን› ካለ፣ ሀሰን ነው። አንቺ ‹ሐሰን› ካደረግሽው፣ ሌላ ሰው አደረግሽው ማለት ነው።»

እውነቱን ነው ብላ አራት መስመር ጻፈች። ስሙንም «ስም አትንካ» አለችው። የሰውና የአገር ስም ሲመጣ አራሚው እጁን ሰብስቦ ያልፋል።

ጥር ላይ የማኅበሩ ጉባኤ ወልቂጤ ተጠራ። አራሚ ለጉባኤው ሊታይ ነው። ሃሊማ ሌላ አልተመኘችም። በሳቀባት ማኅበር ፊት፣ በአራሚው ራስጌ ላይ፣ «ሠሪ፦ ሃሊማ ሙሀመድሰይድ» የሚለው እንዲነበብ ብቻ ነው የፈለገችው። አባቷ በጆንያ ላይ የጻፈው ስም በሊቃውንቱ ጎተራ ይጻፍ። ይህች ናት ጉጉቷ፤ ትንሽ ትመስላለች፣ ትንሽ አይደለችም።

ጉባኤው ሦስት ቀን ሲቀረው መምህር አስረስ ሦስት ሺህ ቃል ያለበት ሰንጠረዥ ላከላት። የትኛው ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ለዓመታት የሰበሰበው ነው። «ይህንን ብታስገቢው አራሚሽ ሙሉ ይሆናል» አላት። መምህሩ «አራሚሽ» ሲላት ሆዷ በደስታ ሞላ። የመጀመሪያውን ገጽ አየት አደረገችና ሁሉንም አስገባችው። እስከ መጨረሻው ብታነበው ኖሮ የስሞች ክፍል እንዳለው ታይ ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። ፕሮጀክተሩ በራ። ሃሊማ እንደ አረም ሜዳ የተመሰቃቀለ ኮድ ከፈተች፣ አንድ ቁልፍ ነካች፣ ዓይን ሳይርገበገብ ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆመ። አዳራሹ አጨበጨበ። መምህር አስረስ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ወደ ሸራው ተጠጋ።

«ይቺ ‹ስም አትንካ› የምትለው ምንድን ናት?»

ነገረችው።

«ስም ቃል አይደለም እንዴ? ሐ የሚገባውን በሀ ሲጽፉት ዝም ልንል ነው? ጥሩ አድርገሽ አርሰሽ፣ መሀሉን ለአረም ተውሽውሳ!»

ከኋላ ራምዚ ተነሣ። «መምህር፣ ሾፌሮቹ ያሉት መንጃ ፈቃድ... ማለቴ፣ ስማቸው እዚያ ተጽፎ ያለው...» ቃሉ ተሰባበረበት። ከፊት ረድፍ አንዱ አነጋገሩን ደገመው፤ ሳቅ ተነሣ። መምህር አስረስም ፈገግ ብሎ፣ «ይኼስ በቃልም ይታረም» አለ። አዳራሹ ፈነዳ።

ራምዚ ወደ ሃሊማ አየ። እሷም አየችው። ስምንት ወር ሙሉ ሻይ ቤት አብሯት የተቀመጠ ልጅ ነው፤ የሚፈልገውም አንድ ቃል ነው፣ «ልክ ነው» የሚል። ሃሊማ ግን የሳቁን ድምፅ ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ በላይዋ ወርዶ ነበር። አሁን ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ብታየው፣ አላህ ይቅር ይበላትና፣ ቀለላት።

«ማሽን ሰው አያውቅም» አለች ማይክራፎኑን ቀረብ አድርጋ። «ትክክል የጻፈ ምን ያስፈራዋል?»

ይህን ብላ አራቱን መስመር በሸራው ላይ፣ ሁሉም እያየ፣ አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። እንዲህ ያለ ጭብጨባ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ጣፈጣት። መጣፈጡን መደበቅ አይቻልም፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

የማኅበሩ ደንብ ተቃውሞ ያለው ሰው አንድ ደጋፊ ካገኘ ነገሩ በድምፅ ይታያል ይላል። ራምዚ እጁን አወጣ። የማኅበሩ ጸሐፊ ፀዳለ፣ «የሚደግፍ አለ?» ብላ ጠየቀች። ሃሊማ የላፕቶፗን ገመድ መጠቅለል ጀመረች፤ ገመዱም ቶሎ የሚጠቀለል አልሆነም። «የሚደግፍ የለም» አለች ፀዳለ።

ከምሳ በኋላ መምህር አስረስ አንድ ነገር አከለ። አራሚው ማንን ስንት ጊዜ እንዳረመ በየሰኞው በስም ዘርዝሮ ቡድኑ ላይ ያውጣ። «ሰው ስሙ ካልተጠራ አይማርም።» አራሚ የተሠራው ለዚህ እንዳይሆን ነበር። ሃሊማ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። «ቀላል ነው» አለችና ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ሠርታ ሰጠችው። ርእሱን «የታራሚዎች ዝርዝር» ያለው መምህሩ ነው።

ወደ ቡታጅራ በአንድ ሚኒባስ ተመለሱ። ደጋው አረቅጥ ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም ነበር። ራምዚ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረም። መናኸሪያው ሲደርሱ «አሰላሙ አለይኩም» አለ፣ ለሁሉም ተሳፋሪ በአንድነት፣ ወርዶም ሄደ።

ሰኞ ጠዋት አራሚው ጎተራውን ከዳር እስከ ዳር አረመ። የመጀመሪያው ዝርዝር ወጣ፤ ከላይ ራምዚ፣ መቶ ዐሥራ ዘጠኝ እርማት። ሁሉም ጎተራ ውስጥ ባለው «ተራ» የተመዘገበ የሾፌር ስም ነው። አንዱ፣ «ይሄ እድሜ ልክ ይፈረድበት» ብሎ ጻፈ። ሃሊማ ከሥሩ የምትስቅ ፊት አኖረች። አንዲት ቢጫ ፊት ናት፣ ምን ችግር አለው አለች ለራሷ።

ያን ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ መንጃ ፈቃዱ «ሀሰን» የሚል ሾፌር ቢመጣ ፕሮግራሙ «ሐሰን እንጂ ሀሰን አላውቅም» አለ። በዓይኑ ዐ የሚታወቀው ዑመይር በሰንጠረዡ ትክክል ነበርና ተራውን አገኘ፤ በአልፋው አ የተጻፈው ኡመይር አጣ። ሠላሳ ሾፌር ተራ አጥቶ ተሳፋሪ አውርዶ ጮኸ። አንደኛው ራምዚን በጥፊ አለው። ተራ አስከባሪዎቹ ላፕቶፑን አውጥተው ደጅ አኖሩት፤ ነገሩ ወደ ድሮው ጩኸትና ጡንቻ ተመለሰ። የሁለት ዓመት ሥራ በአንድ ጠዋት አለቀ።

ራምዚ ደወለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ተቃውሞዬን እንደገና አስገብቻለሁ። አንቺ ሠሪዋ ነሽ፤ ‹እደግፋለሁ› ብለሽ ብትጽፊ ድምፅ ይሰጥበታል። አንድ ቃል ናት፣ ሃሊማ።»

«ኮዱን ለማኅበሩ ካስረከብኩ በኋላ እሺ? አሁን መምህሩን ካስቀየምኩ...»

«ርክክቡ መቼ ነው?»

«ሚያዝያ።»

«እሺ» ብሎ ዘጋው። ዳግመኛ አልደወለም።

ሚያዝያ ደረሰ። እስከዚያ አራሚው ራሱ ከሃሊማ ላፕቶፕ ላይ ነበር የሚሠራው፤ አሁን ኮዱ በሙሉ ለማኅበሩ ተሰጥቶ ጎተራ ሊገባ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ጉባኤው ድምፅ የአራሚውን አሠራር የሚለውጥ የለም፤ እሷም ብትሆን። መምህር አስረስ ቡድኑ ላይ አመሰገናት። የምስክር ወረቀት እንደሚታተምላት ፀዳለ አበሠረች። ፀዳለ እንኳ በሰንጠረዡ ታርማ «ጸዳለ» ሆናለች፤ ደግሞ ደስ ብሏት፣ ክርስትና እንደተነሣ ሰው ለሁሉም ታወራው ነበር።

ሃሊማ ኮዱን ወደ ጎተራው አስገባች። መቶ ሠላሳ አንድ ፋይል ነው። በእያንዳንዱ ራስጌ ላይ በኩራት የጻፈችው አንድ መስመር አለ።

ሰኞ ዝርዝሩ ወጣ።

«አንደኛ፦ ሐሊማ ሙሐመድሰይድ። እርማት፦ ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት።»

በየፋይሉ ሁለት ሁለት፣ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለአባቷ። ቡድኑ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። «አራሚዋ ታረመች!» «የራሷን ስም የማትጽፍ ናት እኛን ስታርም የከረመችው?» ያ የጥንቱ ሰውዬም አልቀረም፦ «ብያችሁ ነበር፣ በርበሬ ተራ ነው የተማረችው።»

ሃሊማ ቡድኑ ላይ ጻፈች። ያልተጻፈ ነገር አልተወችም። አባቷን፣ ጆንያውን፣ ጥቁሩን ቀለም፣ ከሁለት ስም በላይ የማይጽፍ ሰው እንደነበር፣ ያችን ሃ እሱ እንዳወጣላት። ለአራት መቶ ሰው ጓዳዋን ከፈተች። «እባካችሁ፣ ስሜን ብቻ ተዉልኝ» ብላ ጨረሰች። ቀጥሎ አንድ የምትስቅ ፊት ከሥሩ ብቅ አለች፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ መቁጠር አቆመች።

መምህር አስረስ መለሰላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስከፋ። «አባትሽን ነፍስ ይማር። ነገር ግን ፍቅር ፊደል አያቃናም። ደንቡ ይታወቃል፤ አንድ ደጋፊ ካለ በድምፅ እናየዋለን።»

አንድ ደጋፊ። ሃሊማ ጠበቀች። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ለራምዚ በግሉ «ይቅር በለኝ» ብላ ላከች። አነበበው። ወዲያው ቡድኑ ላይ «ራምዚ እየጻፈ ነው» የሚለው ብቅ አለ። ጠፋ። ተመልሶ ብቅ አለ። ሃሊማ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ዱዓ ታደርግ ነበር።

መልእክቱ መጣ።

«ማሽን ሰው አያውቅም። ትክክል የጻፈ ምን ያስፈራዋል?»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ተረቱን ሲናገሩት ይጣፍጣል፤ ቁናው ወደ ራስ ሲመጣ እንዴት እንደሚመር የሚነግር ግን የለም። ሁለት መቶ ሰው ለራምዚ አጨበጨበለት። አማርኛውን የደገመበት ልጅ ሳይቀር አጨበጨበ።

እሷ ተስፋ አልቆረጠችም። አንዱን ፋይል ከፈተች፣ ሐን አጥፍታ ሃ ጻፈች፣ አስቀመጠች። ዓይኗ ሳይርገበገብ ሃዋ ሐ ሆነች። ፍጥነቱን በጉባኤው ፊት የተኩራራችበት የገዛ እጇ ሥራ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከረች። በቀጣዩ ሰኞ ዝርዝሩ ላይ፣ «ሐሊማ ሙሐመድሰይድ፣ ሦስት» ተብሎ ወጣ። አንዱ ከሥሩ «ደጋሚ ወንጀለኛ» አለ።

የምስክር ወረቀቱ ከወልቂጤ በሚኒባስ ተልኮ መጣ። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ወርቃማ ጠርዝ አለው፣ ማኅተሙ አምሯል። እናቷ ነዒማ ለወራት ስትጠብቀው ነበር። እጇን ታጥባ፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ፣ ወረቀቱን ተቀበለች።

«ማሻ አላህ» አለች። «የቱ ጋ ነው ያለሽው?»

ሃሊማ አላሳየቻትም። እናቷ ግን ጠቋሚ አያስፈልጋትም ነበር። ገበያ መሀል ከመቶ ጆንያ የለየች ሴት ናት። ጣቷን ከላይ ጀምራ በየመስመሩ እየሳበች ወረደች። አንድ እግሯን ያጠፈችዋን ፈለገች። እታች ደረሰች። እንደገና ከላይ ጀመረች። ትልቁ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ቆመችና ሐን በጣቷ ነካችው።

«ይቺማ ሦስት እግር አላት፣ በርጩማ ናት» አለች። ጓዳ ገብታ የተጣጠፈውን ጆንያ አምጥታ ከወረቀቱ ጎን ዘረጋችው። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ከዚያ ወረቀቱን ጫፉ እንዳይጎብጥ ተጠንቅቃ ለልጇ መለሰችላት።

«ተሳስተው የሰው ነው ያመጡልሽ፣ ልጄ። መልሺላቸው። ባለቤቷ ስትፈልገው ይሆናል።»

«እሺ እማ» አለች ሃሊማ።